የመጽሐፍ ሱቅ ይዞታና የአንባቢው ዕድል
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ የመጻሕፍት ሥርጭት ከአዲስ አበባ ውጭ ምን እንደሚመስል እንድናገር የሚጠይቅ ነው። ርእሱ ሰፊ ነው፤ ሰፊ ርእስ ደግሞ ለተናጋሪው እንጂ ለአድማጩ አይመችም። ስለዚህ በፈቃዳችሁ ጠበብ አድርጌ፣ አንድ የመጽሐፍ ሱቅ ያለበት ሁኔታ ደጁን በሚረግጠው ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ እናገራለሁ። ከመጻሕፍትም መካከል በተለይ በሥዕል ተከታታይ ታሪክ የሚነገርባቸውን፣ ዛሬ ልጆቻችን «ኮሚክ» የሚሏቸውን፣ መነሻ አደርጋለሁ። የማየው ከጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ተወልጄ ካደግሁባት ከጎርጎራ ቆሜ ነው።

ጎርጎራ ከጎንደር በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ የሚደረስባት ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት (1607–1632 እ.ኤ.አ.) የቤተ መንግሥት መቀመጫ እስከ መሆን ደርሳ ነበር፤ ኢየሱሳውያን ያሠሩት የማርያም ግምብ ፍርስራሽም የዚያ ዘመን ምስክር ነው። በቅርቡ ደግሞ በ«ገበታ ለሀገር» መርሐ ግብር ትልቅ መዝናኛ ተሠርቶባታል። በእኔ ልጅነት ከባሕር ዳር የሚነሣው ሳምንታዊ ጀልባ ቁንዝላ አድሮ በማግሥቱ ይደርስባት ነበር። እንግዲህ ከተማዋ ታሪክም፣ ውኃም፣ መንገድም አላት። እኔ ባደግሁበት በ1960ዎቹ ዓ.ም. ያልነበራት ነገር የመጽሐፍ ሱቅ ነው።

ይህን ስል ግን የሚነበብ ነገር አልነበራትም ማለቴ አይደለም። ከሐይቁ አጠገብ በቆመችው በደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን የመቅደሱ ግድግዳዎች በሥዕል የተሞሉ ናቸው። ከሥዕሎቹ የሚበዙት የአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ሥራዎች ሲሆኑ፣ ያሠራቻቸው የንጉሣዊው ቤተ ሰብ ልጅ ወይዘሮ መለኮታዊትም እዚያው በሥዕል ትታያለች። እኔ ፊደል ከመቍጠሬ በፊት ያነበብሁት የመጀመሪያ መጽሐፍ ይህ ግድግዳ ነው። ከበዓል በኋላ አንድ አረጋዊ መሪጌታ እኛን ልጆቹን ሰብስበው በመቋሚያቸው ጫፍ እያመለከቱ ታሪኩን ይነግሩን ነበር። አንዱን ሥዕል ጨርሰው ዝም ሲሉ፣ ሁላችንም ባንድ ድምፅ «ከዚያስ አባ?» እንላቸዋለን፤ እርሳቸውም አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ይራመዳሉ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። አንደኛ፣ ሥዕሉ ለዓይን ክፍት ነበር፤ ድሀውም ባለጸጋውም እኩል ያየዋል። ሁለተኛ፣ ታሪኩ ሙሉ ነበር፤ መጀመሪያው ባንደኛው ግድግዳ ቢሆን ቀጣዩ በሚቀጥለው ይገኛል እንጂ «አልቋል፣ ሌላ ጊዜ ተመለስ» የሚል የለም። ሦስተኛ፣ ከሥዕሉ አጠገብ የሚያስረዳ ሰው ነበር። ክፍትነት፣ ሙሉነትና አስረጂ፤ ከዚያ ወዲህ የገባሁበትን የመጽሐፍ ሱቅ ሁሉ የምመዝነው በእነዚህ ሦስት ሚዛኖች ነው።

በሥዕል ተከታታይ ታሪክ መንገር ከውጭ የመጣብን እንግዳ ልማድ አለመሆኑንም በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ይገባል። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በ44 ክፍል እየከፈሉ፣ በእያንዳንዱም ክፍል ግርጌ አጭር ጽሑፍ እየጻፉ በሸራ ላይ የሚሥሉ ሠዓልያን ሥራ በአዲስ አበባ ሱቆች ለብዙ ዘመን ሲሸጥ የኖረ ነው። ሸራውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እያነበበ የሚወርድ ሰው ኮሚክ ከሚያነብ ሰው የሚለይበት ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ ችግራችን የልማድ ማጣት ሳይሆን ልማዱን ተቀብሎ የሚያሳድር ሱቅ ማጣት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሱቅ ልውሰዳችሁ። የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አጎቴ ዓሣና ጌሾ ሊሸጥ በጀልባ ባሕር ዳር ሲሄድ አብሬው ሄድሁ። ባሕር ዳር ያን ጊዜ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋና የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤቷ የሚወሳላት አዲስ ከተማ ነበረች። እኔ ግን ለወራት ሳስብ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጽሐፍ የሚሸጥበት ሱቅ እንዳለ ሰምቻለሁ። ስሙን መጥቀስ ወደማያስፈልገኝ አንድ ሱቅ ገባን። መጻሕፍቱ ሁሉ ከባንኮኒው በስተኋላ፣ በቍልፍ በተዘጋ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ ተደርድረዋል። በአንደኛው ልባስ ላይ ፈረስ የሚጋልብ ሰው ተሥሏል። ጣቴን ዘርግቼ «እርሱን ልየው?» አልሁ። ሻጩም «ትገዛለህ ወይስ አትገዛም?» አለኝ። ሳላየው እንዴት እንደምገዛ፣ ሳልገዛውም እንዴት እንደማየው አላውቅም ነበርና ዝም አልሁ። አጎቴ ስላፈረ አንድ ባለ መስመር ደብተር ገዝቶልኝ ወጣን።

ክቡራትና ክቡራን፣ ያ ሻጭ ክፉ ሰው አልነበረም። ዕቃው በአደራ የተሰጠው ይሆናል፤ አንድ መጽሐፍ በልጅ ጣት ቢቈሽሽ ከደመወዙ ይታሰብበት ይሆናል። ነገር ግን በዚያች ደቂቃ የተማርሁት ትምህርት መጽሐፍ ማለት ገንዘብ ያለው ሰው አስቀድሞ ስሙን አውቆ የሚጠይቀው ዕቃ ነው የሚል ነበር። ይህንን ትምህርት ለመርሳት አያሌ ዓመታት ፈጅቶብኛል። በሥዕል የተሠራ መጽሐፍ ደግሞ ከሌላው ሁሉ ይልቅ በመስተዋት መታሰር አይችልም፤ ገዢው የሚመርጠው በዝና ሳይሆን ገልጦ በማየት ነውና። የተዘጋ ኮሚክ እንደ ተዘጋ መስኮት ነው።

ሁለተኛው ሱቅ፣ ሱቅ ከተባለ፣ በጎንደር ያገኘሁት የእንጨት ሣጥን ነው። ለትምህርት ወደዚያ በሄድሁ ጊዜ ከአንድ ሻይ ቤት ጥግ መጽሐፍ የሚያከራይ ሰው ነበር። አንድ ብር መያዣ ካስያዝህ ላንድ ቀን በዐሥር ሳንቲም ትወስዳለህ፤ መያዣ የሌለህ እንደሆነ ደግሞ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ታነባለህ። በዚያን ዘመን በከተሞቻችን የነበረው የመጽሐፍ ኪራይ ስንቱን አንባቢ እንዳፈራ በዚህ ጉባኤ ያሉ ታላላቆቼ ያስታውሱታል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ፣ በኪራይና በውሰት ስንት እጅ እንደ ዞረ መቍጠር አይቻልም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው በማግሥቱ «ይህ መጽሐፍ አለ ወይ?» እያለ የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን አከራይ ነበር።

የዚህን ሰው ነገር ያነሣሁት ግን ስለ አንድ መጽሐፍ ልነግራችሁ ስለ ፈለግሁ ነው። ከብዙ እጅ የዞረ አንድ ልብ ወለድ ተከራይቼ ስጨርስ፣ የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለው ኖሯል። ተናድጄ ወደ አከራዩ ተመለስሁና «ጋሼ፣ ይህ መጽሐፍ መጨረሻ የለውም» አልሁት። እርሱም ሳይደናገጥ «ተቀመጥ፣ እኔ እነግርሃለሁ» ብሎ ሻይ አዘዘልኝና ታሪኩን በቃሉ ፈጸመልኝ። ልጅቱ ከስደት ተመለሰች፤ እናቷም አወቀቻት፤ ሰርግ ሆነ። ደስ ብሎኝ ሄድሁ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሙሉውን ቅጂ በአዲስ አበባ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዝቼ ባነበው፣ ልጅቱ በመንገድ ሞታለች። ሰርግ የሚባል ነገር የለም።

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ግን በጣም አሰብሁ። ሰውየው አላታለለኝም፤ ምናልባትም እርሱ ራሱ መጨረሻውን አላየውም። ደንበኛውን ባዶ እጁን ላለመስደድ ከራሱ ጨመረ። በሦስተኛው ሚዛን፣ ማለትም በአስረጂነቱ፣ ከባሕር ዳሩ ሻጭ በብዙ ይበልጣል። በሁለተኛው ሚዛን፣ ማለትም በሙሉነት ግን፣ የሣጥኑ ድህነት ለዐሥራ ሁለት ዓመት ደራሲው ያልጻፈውን መጽሐፍ በልቤ እንድይዝ አድርጎኛል። የሱቅ ይዞታ በደንበኛው ላይ የሚያደርሰው ነገር የሚታወቀው በዚህ ነው። ሱቁ መጽሐፉን ብቻ አይሸጥልንም፤ የመጽሐፉን መጠን፣ መልክና አንዳንዴም ፍጻሜውን ይወስንልናል።

የኪራይ ነገር በእኛ ብቻ የታየ አይደለም። በጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ሕዝቡ መጽሐፍ ለመግዛት አቅም ባጣበት ጊዜ፣ በየሰፈሩ ብዙ ሺህ የመጽሐፍ አከራይ ሱቆች ተከፍተው ነበር። እንደ ሽገሩ ሚዙኪና ዮሺሂሮ ታትሱሚ ያሉት ስመ ጥር የሥዕል ታሪክ ሠሪዎች ያደጉት ለእነዚህ ሱቆች እየሠሩ ነው። ታትሱሚ በ1957 እ.ኤ.አ. ለበሰሉ አንባቢዎች የሚሆነውን አዲስ የሥዕል ታሪክ «ጌኪጋ» ብሎ ሲሰይም፣ አንባቢዎቹ በአብዛኛው የፋብሪካ ሠራተኞችና ወጣቶች፣ ባንድ ቀን ኪራይ የሚያነቡ ሰዎች ነበሩ። ድሀ ሱቅ ድሀ ሥነ ጽሑፍ ብቻ ያፈራል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ወሳኙ ነገር ሱቁ ከአንባቢው ጉርብትና መኖሩ ነው።

በሀገራችን በደርግ ዘመን ሌላ ዓይነት ሱቅ አየን። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በኋላም በ15 ቋንቋዎች እስከ መካሄድ የደረሰው፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። እኔም በደምቢያ ካስተማሩት አንዱ ነበርሁ። ካስተማርኋቸው ጎልማሶች አንዱ የመጨረሻውን ፈተና ካለፈ በኋላ «አሁንሳ ምን ላንብብ?» ብሎ የጠየቀኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። በዚያው ዘመን በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት መደብሮች ሞስኮ የታተሙ፣ ባለ ቀለም ሥዕል የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት በርካሽ ዋጋ ይሸጡ ነበር። ብዙ ልጆች በእጃቸው የያዙት የመጀመሪያ ባለ ቀለም መጽሐፍ ከእነዚያ አንዱ ነው። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲደረግ፣ ከዚያም ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ምንጩ ደረቀ። መደርደሪያውን ከአንድ ምንጭ ብቻ ሲሞላ የኖረ ሱቅ፣ ምንጩ በደረቀ ቀን ባዶውን ቀረ። ደንበኛውም አብሮ ባዶውን ቀረ።

ይህ የድሀ ሀገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኮሚክ ሱቆች የሚሠሩበት ስምምነት፣ ባለ ሱቁ በቅናሽ ዋጋ እንዲገዛ፣ ያልተሸጠውን ግን እንዳይመልስ የሚያደርግ ነው። ኪሳራው በእርሱ ላይ ስለ ሆነ እሸጠዋለሁ ብሎ የሚተማመንበትን ብቻ ያዛል፤ ደንበኛውም ከወር አስቀድሞ እንዲያስመዘግብ ይለምነዋል። ስለዚህ ሱቁ ለአሮጌው ደንበኛ የሚመች፣ ለአዲሱ ግን በሩ የጠበበ ሆነ። ለብዙ ዓመታት አብዛኛውን ሥርጭት በእጁ ይዞ የነበረው ዳይመንድ የተባለው አከፋፋይ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የኪሳራ ማመልከቻ ለፍርድ ቤት ሲያቀርብ፣ ትንንሾቹ ሱቆች በጣም ተናወጡ። እንግዲህ ሀብታሙም ሆነ ድሀው፣ ባንድ ገመድ የተንጠለጠለ ሱቅ ደንበኛውንም በዚያው ገመድ ያንጠለጥለዋል።

ወደ ዛሬው ልመለስ። ተስፋ የሚሰጥ ሥራ አለ። ኤታን ኮሚክስ የተባለው የሀገራችን ተወላጆች ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. «ጀምበር» የተባለውን ባለ ልዩ ኀይል ኢትዮጵያዊ ጀግና፣ ቀጥሎም «ሐዊ»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አቅርቧል። ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔም «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሚለው የቴሌቪዥን ዝግጅት በልጆች ዘንድ ታውቃለች። ባለፈው ዓመት ለልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ አንድ የሥዕል ታሪክ ይዤለት ወደ ጎርጎራ ሄድሁ። በአንድ ቀን ጨረሰው። በማግሥቱም ያቺኑ የጥንቷን ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «ከዚያስ አባባ?» አለኝ። ቀጣዩን ክፍል ፍለጋ በከተማው ዞርን። ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ ሳሙናና ስኳር ባንድነት የሚሸጥባቸው ሱቆች አሉ፤ ከአንደኛው መደርደሪያ ላይ የፈተና መለማመጃዎችን አገኘን። ባለ ሱቋ ትሑት ሴት ናት። «አባቴ፣ የሚጠይቀኝ ስለሌለ አላመጣም» አለችኝ። ልጁን ደግሞ ለምን ጠይቆ እንደማያውቅ ብጠይቀው «ስለሌላት ነዋ» አለኝ። የችግራችን ክብ በእነዚህ በሁለቱ መልሶች ውስጥ ይገኛል።

«ዛሬ ሁሉ በስልክ አለ፤ በቴሌግራም የማይገኝ መጽሐፍ የለም» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። የክርክሩን እውነት አልክድም፤ እኔም በስልክ አነባለሁ። ሆኖም ከሚዘዋወረው ብዙው ያለ ደራሲው ፈቃድ የተቀዳ መሆኑን ለጊዜው ብተወው እንኳ፣ ሁለት ነገር ልበል። ስልክ የሚሰጠን ስሙን አውቀን የጠየቅነውን ነው፤ ሱቅ ግን መኖሩን የማናውቀውን ያሳየናል። የባሕር ዳሩ የመስተዋት ሣጥንም ጥፋቱ ይኸው ነበር። ሁለተኛም፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ እጅግ ብዙ ሕፃናትም ከትምህርት ገበታ ርቀው እንደ ነበር ሁላችንም የምናውቀው ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋበትና ስልክ በማይሠራበት ወራት፣ አንድ ልጅ በቤቱ ያለችው አንዲት መጽሐፍ ምን ያህል እንደምትከብድ ያየ ያውቀዋል። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለ መጽሐፍ መብራት ቢጠፋም ይነበባል።

ባለ ሱቆቹን መውቀስም ፍትሕ አይደለም። የወረቀትና የኅትመት ዋጋ ከአቅም በላይ ሆኗል። መጓጓዣው ውድ ነው፤ የመጽሐፍ ትርፍም ከስኳር ትርፍ አይወዳደርም። እኛ አንባቢዎችም ብንሆን ተበድረን የማንመልስ፣ አጥፈን የምንመልስ ሰዎች ነን። የጎንደሩ አከራይ የመጨረሻ ገጾች የተገነጠሉት በደንበኞቹ እጅ እንጂ በሌላ በማንም አይደለም። ስለዚህ የማቀርበው ነገር ክስ ሳይሆን ለማኅበራችን የሚሆን አሳብ ነው።

አንደኛ፣ በየትንሹ ከተማ ሙሉ የመጽሐፍ ሱቅ እስኪከፈት አንጠብቅ። ደብተር ከሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ አንዲት ክፍት መደርደሪያ፣ ልጅ እጁ በሚደርስበት ከፍታ፣ ትበቃለች። አሳታሚዎች መጻሕፍቱን በአደራ ቢሰጡና ያልተሸጠውን ቢመልሱ፣ ባለ ሱቋ ለኪሳራ አትፈራም።

ሁለተኛ፣ ኪራይን እንደ ውርደት መቍጠር እንተው። ከእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ቅጂ ለኪራይና እዚያው ተቀምጦ ለማንበብ ይመደብ፤ ሲያረጅ ማኅበራችን ይተካ። መጨረሻው የተገነጠለ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ይነሣ።

ሦስተኛ፣ በተከታታይ የሚወጣ የሥዕል ታሪክ ሲላክ ሁለተኛው ክፍል መቼ እንደሚመጣ አብሮ ይነገር። አንድ ጊዜ «ከዚያስ?» ብሎ መልስ ያጣ ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ አይጠይቅም።

አራተኛ፣ ሱቁ መሄድ ወደማይችልበት መጽሐፉ ይሂድ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በአዲስ አበባ በሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከከፈቱ በኋላ፣ በሐዋሳ አህያ በሚስበው ጋሪ መጽሐፍ ለልጆች እንዲደርስ ማድረጋቸው የሚታወቅ ነው። በሐዋሳ አህያ ከተቻለ፣ በጣና ጀልባ ለምን አይቻልም? በገበያ ቀን ወደ ደልጊና ወደ ቁንዝላ ከጤፍና ከጌሾ ጋር አንድ ሣጥን መጽሐፍ ቢጫን ጀልባው አይሰምጥም። ለእንግዶች በተሠራው አዲሱ መዝናኛም የከተማው ልጆች የሚገቡበት አንድ የንባብ ጥግ ቢኖር፣ ቦታው ለጎርጎራም መዝናኛ ይሆናል።

እኔ በበኩሌ ለመጀመር ያህል፣ በዚያች በትሑቷ ሴት ሱቅ ውስጥ መደርደሪያ አሠርቼ 30 መጻሕፍት አስቀምጫለሁ። አራት ወር ሆኖታል። እስካሁን የተሸጡት ሰባት ናቸው፤ ሁለት ጠፍተዋል፤ በሌሎቹም ላይ የጣት ምልክት አለ። ባለ ሱቋ ስለ ጣቱ ምልክት ይቅርታ ስትጠይቀኝ፣ በሕይወቴ ካየኋቸው የመጽሐፍ ሱቆች ምልክቶች ሁሉ እርሱ ደስ እንዳሰኘኝ ነገርኋት። የመሰለችኝን ያህል አልተገረመችም። «አሁንማ እየመጡ ‹ሌላውስ መቼ ይመጣል?› ይሉኛል፤ ምን ልበላቸው?» አለችኝ።

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥያቄው ከእኔ አቅም በላይ ስለ ሆነ ወደ እናንተ አምጥቼዋለሁ። አረጋዊው መሪጌታ ልጆቹ በጠየቋቸው ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ይራመዱ ነበር። እኛም እንደዚያው እንድናደርግ በትሕትና እያሳሰብሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።